ጀጎልን አንድ ቀን አስቀድመው ያስጾሙት ሰው

አቶ ግርማቸው ማረፋቸውን የሰማሁት ሐረር፣ ፈረስ መጋላ ላይ ታክሲ ስጠብቅ ነው። የነገረኝ ድሮ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር የነበረ ሰው ነው። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ፣ «ግርማቸው እኮ አረፉ፤ ደብረ ብርሃን፣ ልጃቸው ቤት» አለኝ። ታክሲው መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ፤ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አጠገቤ ወረፋ የያዘች ሴት ፊቴን አይታ፣ «ዘመድሽ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። እሳቸው ማተባቸው ከአንገታቸው የማይወርድ የመንዝ ሰው ነበሩ፤ እኔ በጀጎል ግንብ ውስጥ ተወልጄ ያደግሁ የሐረሪ ልጅ ነኝ። «አዎ፣ ዘመዴ ናቸው» አልኳት።

የተዋወቅነው በደርግ ጊዜ ነው። ሁለታችንም የከተማውን ውሃ በሚያድል መሥሪያ ቤት እንሠራ ነበር፤ እሳቸው የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን ሆነው፣ እኔ ቅሬታ መቀበያ መስኮት ላይ። ቅሬታ መቀበያ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ ስድብ መቀበያ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ዛሬ የኤረር በር ሰፈር ካገኘ ነገ ተራው የሌላው ነው። ተራዋ ያለፈባት ሁሉ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ትመጣና፣ ውሃውን እኔ ቀሚሴ ውስጥ የደበቅሁት ይመስል ትጮህብኛለች። እኔም አፌ አይታሰርም፤ እመልሳለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ከአንዲት ሴት ጋር ስንሞላለጭ አቶ ግርማቸው ከኋላዬ መጡና፣ «ነጃት፣ ውሃ እንደሌለሽ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እሷም ታውቃለች። የመጣችው የሚሰማት ሰው ፈልጋ ነው፤ ስሚያትና ትሂድ» አሉኝ። መስማት ጀመርኩ። ስድቡ ባይቀርም ቀነሰ።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ሌላው ሠራተኛ እስክሪብቶ በሚሰካበት ደረት ኪሳቸው ካቻቢቴ ይሰኩ ነበር። የማብሪያ ማጥፊያውን ሳጥን፣ እኛ ፓኔል የምንለውን፣ ከመክፈታቸው በፊት በጣታቸው መታ መታ ያደርጉታል፤ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ። «ምን እያደረጉ ነው?» ስላቸው፣ «ውስጡ ኤሌክትሪክ ያለበትን ነገር በአክብሮት ነው የሚገቡት» ይሉኝ ነበር። ሲናደዱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ሲደሰቱ ደግሞ ያፏጫሉ፤ ፉጨታቸው ዜማ የሚባል ነገር አልነበረውም፣ የኛ ክፍል ሰው ሁሉ ጆሮውን ይይዝ ነበር።

ሚስታቸው ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነበሩ። ትንሽ ሴት ልጅም አለቻቸው። በየዓመቱ ዝውውር ይጠይቃሉ፣ በየዓመቱ «ይታያል» ይባላሉ። ልጅቱን የሚያዩዋት በዓመት ፈቃዳቸው ብቻ ነው። ከፈቃድ በተመለሱ ቁጥር አንድ ሳምንት ያህል አያፏጩም። አንዴ፣ «ዘንድሮስ አወቀችዎት?» ብዬ ለቀልድ ጠየቅኋቸው። «በሁለተኛው ቀን» አሉኝ። ሁለተኛ በዚህ ነገር አልቀለድኩም።

የጾሙ ነገር የተጀመረው በእናቴ ነው። አንድ ረመዳን ላይ እናቴ ራሷ መስኮቴ ድረስ መጣች። እኔን ልጇን፣ በሰው ፊት፣ እንደማታውቀኝ አድርጋ፣ «ይኸውልሽ፣ የመንግሥት ሠራተኛ! ውሃችሁ ቀትር ላይ ይመጣል፤ ማን ሊጠጣው? መግሪብ ሲደርስ፣ ሰው ሊያፈጥር ሲል የለም። ለሱሁር ስንነሳ የለም። ጾመኛውን ለይታችሁ ነው የምትቀጡት?» አለችኝ። ማታ ቤት ስንገናኝ ምን እንደምላት እያሰብኩ ሳለሁ አቶ ግርማቸው ከጀርባዬ ሆነው፣ «እናቴ፣ ሱሁር የሚባለው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብለው ጠየቋት። እናቴ፣ ጾመኛ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የሚበላበትን ሰዓት ነገረቻቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ።

በዚያን ጊዜ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው ፓምፕ ጣቢያ ውስጥ አንድ አሮጌ ሰዓት ነበር። ሰዓቱ ላይ ሳህን የመሰለ ክብ ብረት ይዞራል፤ በሳህኑ ዙሪያ ጥርሶች አሉት። አንዱ ጥርስ ሲደርስ የአንዱ ሰፈር መስመር ይከፈታል፣ ሌላው ሲደርስ ይዘጋል። አቶ ግርማቸው በዚያ ሳምንት ከቆርቆሮ ሌላ ሳህን ቆርጠው፣ ጥርሶቹን ራሳቸው ሞርደው፣ ለረመዳን ብቻ የሚገባ ሠሩ። እሱ ሲገባ ውሃ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በፊትና ከመግሪብ በፊት ወደ ጀጎል ይመጣል። ያዘዛቸው የለም፣ ያመሰገናቸውም የለም። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ተስፋዬ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ችግሩ፣ ረመዳን መቼ እንደሚገባ የሚያውቀው ጨረቃ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ከረመዳን በፊት ያለው የሻዕባን ወር ሊያልቅ ሲል ጎረቤታችን አው ዩሱፍ ወደ መሥሪያ ቤታችን ይመጡ ነበር። አው የምንለው የተከበረ ሽማግሌን ነው። አው ዩሱፍ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ፤ የጨረቃ ነገር ላይ ጀጎል ቃላቸውን ያምናል። ፀሐይ ስትጠልቅ በረንዳችን ላይ ይቆሙና አንድ ቃል ይናገራሉ። «ታየች» ካሉ አቶ ግርማቸው በመኪና ሄደው ሳህኑን ይለውጣሉ። «አልታየችም» ካሉ፣ «እሺ አባቴ፣ ደህና እደሩ» ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ብዙ ዓመት እንዲህ አደረጉ። የጀጎል ሰውም ለመደው፤ ጎህ ሳይቀድ ቧንቧው ሲንጎራጎር ከሰማ ረመዳን ገብቷል ብሎ ይነሳል። እናቴ፣ «ሬዲዮውን ተይው፣ እኔ ቧንቧዬን ነው የማምነው» ትል ነበር።

ከዚያ አዲሱ ፓኔል መጣ። አውቶማቲክ የሚባል፣ በመብራትና በቁልፍ የተሞላ ትልቅ ቁም ሣጥን ነው። አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን የሚተክለው ከአዲስ አበባ የተላከ ኢንጂነር ሰለሞን የሚባል ወጣት ነበር። መመሪያው፣ ፋብሪካው ያልሠራው ነገር ሁሉ ይውጣ ይላል። የቆርቆሮውን ሳህን አንስቶ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል አቶ ግርማቸው፣ «ጾም ነው» አሉት።

ኢንጂነሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ቁጭ ብሎ አዳመጠ። ደግ ልጅ ነበር። «አዲሱ ማሽን እኮ ከፋብሪካው ትእዛዝ ሌላ እኛ የምንጨምርለት ባዶ ቦታ አለው። የእርስዎን ሥራ እዚያ እናስገባዋለን» አላቸው። በቀጣዮቹ ቀናት ሁለቱ የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ መሐላቸው ዘርግተው ትእዛዝ ሲያስገቡ፣ ሲሞክሩ፣ ሲሰርዙ ሰነበቱ። መጀመሪያ የአዘቦቱን ፈረቃ አስገቡ፤ ከዚያ ሆስፒታሉ መቼም እንዳይቋረጥበት አደረጉ፤ በመጨረሻ ጾሙን። ምሳ ላስገባላቸው ስሄድ አቶ ግርማቸው ያፏጫሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩ። አዲሱ ማሽን ቀን መቁጠር ይችላል። እሳቸው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ካላንደር ረመዳን የሚገባበትን ቀን አይተው፣ ቀኑ ሲደርስ ማሽኑ ራሱ ወደ ጾሙ ትእዛዝ እንዲገባ አዘዙት። «አው ዩሱፍስ ምን ሊሠሩ ነው ታዲያ?» አልኳቸው።

«ነጃት፣ ዘንድሮ ዝውውሬ ተፈቅዷል። ጓድ ተስፋዬ ነግረውኛል፤ ይሄን ሥራ አስረክቤ ስጨርስ ይፈርሙልኛል። እኔ ስሄድ ማን ያስታውሳችኋል? ማሽን ዝውውር አይጠይቅም» አሉኝ። ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ፣ ከፋኝም፤ ሁለቱም እውነት ነው።

የሻዕባን ሃያ ዘጠነኛ ቀን ደረሰ። ክረምቱ ሊገባ ነበርና በዚያን ምሽት ሰማዩ በደመና ተሸፍኗል። አው ዩሱፍ እንደ ልማዳቸው በረንዳችን ላይ ቆመው፣ «ደመና ነው። አልታየችም። ሠላሳውን እንሞላለን፣ ጾሙ ከነገ ወዲያ ነው» አሉ። አቶ ግርማቸውም እንደ ልማዳቸው፣ «እሺ አባቴ፣ ደህና እደሩ» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ለዚያን ያህል ዓመት «አልታየችም» ሲባሉ ምንም አያደርጉም ነበር። ምንም ያለማድረግ ትክክል ነበር። አሁን ግን ማሽኑን አስቀድመው አዘውታል፤ እሱ አው ዩሱፍን አልሰማም።

ጎህ ሳይቀድ እናቴ ቀሰቀሰችኝ። ቧንቧው ይንጎራጎራል። «ተነሺ፣ ጾም ገብቷል!»

«አው ዩሱፍ አልታየችም ብለዋል እኮ» አልኩ በእንቅልፍ ልቤ።

«ደመና ነበራ! ሌላ አገር ታይታ ይሆናል፤ የውሃ ሰዎች በስልክ ሰምተው ነው።»

የውሃ ሰው እኔ ነኝ። ቢሆንም ተነስቼ በላሁ፣ ልጾም አስቤ ነየትኩ፣ ተመልሼ ተኛሁ።

ጠዋት ቢሮ ስገባ አቶ ግርማቸው ሻይ እየጠጡ ነው። ለኔም ሊያስመጡልኝ ሲሉ፣ «ጾም ነው» አልኳቸው።

«አልታየችም አይደል እንዴ ያሉት?»

«ውሃው መጣ።»

ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ፊታቸው አመድ መሰለ። ድምፃቸውን በጣም ዝቅ አድርገው፣ «ሕዝቡን አስጾምኩት?» አሉ። ኮታቸውን አንስተው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው፤ ሐረሪኛቸው ከሰላምታ አያልፍምና።

በዚያ ጠዋት በጀጎል መንገዶች ያየሁትን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። አንድ ማተብ ያሰረ ክርስቲያን በየደጁ እያንኳኳ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ጾም አልገባም፣ እባካችሁ ብሉ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። አንዳንዷ ወሬው ከመስጊድ ደርሷት በልታ ጨርሳለች፣ በሩን ከፍታ ትስቅባቸዋለች። አንዳንዱ ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ ምንም አልሰማም። አንድ ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አይተዋቸው፣ «የጾሙን ፍርድ፣ ፈትዋውን፣ የምትሰጠው አንተ ነህ?» አሏቸው። አቶ ግርማቸው፣ «የለም አባቴ፣ እኔ የቧንቧው ሰው ብቻ ነኝ» ሲሉ ሽማግሌው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ቤታችን ስንደርስ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ደጃፉ ላይ ቆሙ። «እናቴ፣ ይብሉ፤ ጾሙ ነገ ነው» አሏት።

«ነገማ ነገ ነው። ያለ ጾም ቀን ነይቼ ያደርኩት ለማን ይቆጠራል? ላንተ?»

«በኔ ላይ ኃጢአት ሆኖ ይቆጠርብኝ።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። «አንተስ ቁርስ በልተሃል?»

«ሁሉም ቤት ሳልደርስ አልበላም ብያለሁ።»

«አስታግፊሩላህ!» አለች። «ሰውን አስጾመህ አንተም ትጾማለህ እንዴ? ነጃት፣ ሳህን አምጪ።» እሷም በላች፣ እሳቸውም ቆመው ሁለት ጊዜ ጎርሰው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የአው ዩሱፍ ቤት ስንደርስ ሽማግሌው ሰምተው ኖሮ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ስንት ዓመት ጨረቃ ስጠብቅ ቀድሞኝ ያየ ሰው አንተ ብቻ ነህ» አሏቸው። ከዚያ ሳቃቸውን ገቱና እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ «በቁጥር አይሆንም ልጄ። ሰው ወጥቶ ሊያያት ይገባል» አሉ።

ነገሩ በሳቅ ያለቀ መስሎን ነበር። ግን ወሬው ወደ በላይ አካል ደረሰ፤ ማን እንዳደረሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ የመጣው ጥያቄ፣ የመንግሥት ውሃ በማን ትእዛዝ ነው ሕዝብ ጾም የሚያስገባው የሚል ነው። ስብሰባ ተጠራ። ያን ጊዜ ግለ ሂስ የሚባል ነገር ነበር፤ ሰው በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ይናገራል። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ከስብሰባው በፊት ኢንጂነር ሰለሞን አቶ ግርማቸውን ኮሪደር ላይ ይዞ፣ «ማሽኑ ተበላሽቶ ነው እንበል። የፋብሪካ ስህተት ነው ብዬ እኔ እፈርማለሁ። እርስዎን የሚነካዎት የለም፣ ዝውውርዎም ይሄዳል» አላቸው። እዚያው ቆሜ ነበርና ሰማሁ።

«ማሽኑ ተበላሽቷል ከተባለስ ምን ይደረጋል?» አሉ።

«እኛ የጨመርነው ሁሉ ይሰረዝና ይታሸጋል። የፋብሪካው ብቻ ይቀራል።»

«ጾሙም?»

«ጾሙም።»

አቶ ግርማቸው ካቻቢቴውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ሰኩት። «አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ» ብለው ወደ አዳራሹ ገቡ።

ጓድ ተስፋዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ እንጂ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ያልፈራ ማን ነበር? «ውሃ ሃይማኖት የለውም። ይሄ ትእዛዝ ከማሽኑ ይውጣና እንገላገል» አሉ። አቶ ግርማቸው ተነሱ። ድምፃቸው ዝቅ ስላለ ከኋላ ያሉት ወደ ፊት አዘነበሉ።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ያዘዝኩትን ነው የሠራው። ቀኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ትእዛዙ ግን ጥፋት የለበትም። ውሃው ያው ነው፣ መጠኑም ያው ነው፤ ሰው በሚጠጣበት ሰዓት ይሂድለት ነው ያልኩት። እኔን ቅጡኝ፣ እሱን አትንኩት።»

ጓድ ተስፋዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ግርማቸው፣ ዝውውርዎ ጠረጴዛዬ ላይ እንዳለ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አሉ።

እስክሪብቶዬ ቆመ። ተነስቼ፣ «ውሸታቸውን ነው፣ ማሽኑ ነው የተበላሸው!» ብዬ ልጮህ ከጅሎኝ ነበር። አንድ ሰው ስለ ሌላ ሰው ውሃ ብሎ ወደ ልጁ የሚወስደውን ዝውውር ሲጥል ፊት ለፊት ተቀምጦ መጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጻፍኩት፤ ያሉትን ሁሉ ጻፍኩት።

የጾሙ ትእዛዝ ከማሽኑ ሳይወጣ ቀረ፤ የበላይ አካል የሚቀጣ ሰው ካገኘ በቂው ነበር። ዝውውራቸው ተሰረዘ። በምትኩ «ለሥራው ጥቅም ሲባል» ወደ ኦጋዴን ተላኩ፤ ከሐረርም የባሰ ከደብረ ብርሃን የራቀ፣ በዓመት አንዴም ፈቃድ የማይገኝበት።

ከመሄዳቸው በፊት ፓምፕ ጣቢያ ወሰዱኝ። ማሽኑ ቀን እንዲቆጥር የሰጡትን ትእዛዝ ሰርዘውታል። በቦታው አንዲት ቁልፍ ገጥመዋል፤ በእጅ ካልዞረች ጾሙ አይገባም። «ሌላውን ሁሉ እሱ ይሥራው፤ ይቺን ግን ሰው ይሥራት» አሉኝና እንዴት እንደምትዞር አሳዩኝ። እንደ ልማዳቸው ፓኔሉን መታ መታ አድርገው ዘጉት።

እኔ ተናድጄ ነበር። «ሚስትዎስ? ልጅዎስ? ለነሱ ማን አሰበላቸው?» አልኳቸው፤ ታላቄ መሆናቸውንም ረስቼ።

 «ደብረ ብርሃን ውሃ አይጠፋም» አሉ። ሊስቁ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፤ ፊታቸውን ወደ ሞተሮቹ መለሱ። 

በዓመቱ አው ዩሱፍ በረንዳችን ላይ ቆመው፣ «ታየች» አሉ። የሚሰማቸው እኔ ነበርኩ። ሾፌሩ ጣቢያው ድረስ አደረሰኝ፤ በኢንጂነሩ ፈቃድ፣ አቶ ግርማቸው ያሳዩኝን ቁልፍ አዞርኩ። እንደ እሳቸው ፓኔሉን መታ መታ አድርጌ ዘጋሁት።

በማግስቱ፣ የጾሙ የመጀመሪያ ቀን፣ ከመግሪብ ቀደም ብሎ ቧንቧችን መጣ። እናቴ እንስራዋን ሞላች፣ ኩባያ ቀዳች፣ ተምር ይዛ ተቀመጠች። አዛኑ ሲሰማ ኩባያውን ወደ አፏ አስጠግታ ገታችው።

«የዚያ ሰው ልጅ ስሟ ማን ነው?» አለችኝ።

«ሰናይት።»

የጾመኛ ዱዓ በዚያች ሰዓት አይመለስም ብላ የምታምን ሴት ነበረች። ሌላ ጊዜ በዚያች ሰዓት የምትለምነው ለኔና ለወንድሞቼ ነው። በዚያ ምሽት ግን ኩባያውን እንደያዘች ዓይኗን ጨፍና፣ «ያ አላህ፣ ሰናይትን ካባትዋ ጋር አገናኛት» አለች። በሐረሪኛ ነበር ያለችው። ቀጥላ ማንም ሳይጠይቃት በሳቸው ቋንቋ፣ በአማርኛ ደገመችው፤ ከዚያ ጠጣች።